ልጆች ልትመዝን የመጣችው ሲስተር አስካለ

የሲስተር አስካለን ማረፍ የነገረችኝ የወንድሟ ልጅ ናት። እዚሁ ዲላ ታስተምራለች፤ እኔ ግን ከዚያ በፊት አላውቃትም ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በር አንኳክታ ገባችና "አባባ ወራሳ እርስዎ ነዎት?" አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። ተቀመጪ ብላት እንደ ቆመች ቀረች። ጥቁር ለብሳ ስለነበር መርዶ ይዛ እንደመጣች ገባኝ፤ የማን እንደሆነ ነው ያላወቅሁት። አክስቷ ይርጋለም ከተቀበረች ወር ሊሞላት ነው አለች። በመጨረሻው ሰሞን የድሮ ነገር ስታነሳ፣ ከአንድ በቅሎ ነጂ ጋር ኢዲዶ የሚባል መንደር ስለመክረሟ ደጋግማ ታወራ ነበር አሉ። ልጅቱ ያንን በቅሎ ነጂ ስታፈላልግ ሰው ወደ እኔ ጠቆማት።

"እኛ የምናውቃት ጡረታ ከወጣች በኋላ ነው፤ ዝምተኛ ነበረች። ያኔ ምን ዓይነት ሰው ነበረች አባባ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ያን ቀን የቻልኩትን ነገርኳት። ከሄደች በኋላ ግን የተረሳኝ ሁሉ እየመጣ አላስቀምጥ አለኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቢሆንም እየቆየሁ፣ እያረፍኩ እጽፈዋለሁ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው፣ ወደ መጨረሻው ገደማ። እኔ ጎልማሳ ነበርኩ፤ ዲላ ላይ የአንድ ቡና ነጋዴን በቅሎዎች እነዳለሁ፣ ጆንያም እሸከማለሁ። አንድ ቀን ከጤና ጣቢያው ሰው መጣና ሁለት በቅሎና ጌዴኦኛም አማርኛም የሚችል ነጂ ይፈለጋል አለ። መንግሥት የአገሩ ልጆች እንዴት እንደሚያድጉ ማወቅ ፈልጎ በየጠቅላይ ግዛቱ ልጅ የሚመዝን ሰው ልኳል፤ ወደ እኛ ወረዳዎች የመጣችው አንዲት ነርስ ናት፤ መኪናው ከአስፋልቱ ወዲያ ስለማይገባ በበቅሎ ትሄዳለች፤ ነገሩ ይህ ነበር። ነጋዴው ኪራዩን ተስማማና በቅሎዎቹን ከእኔ ጋር ሰጠ።

ሳያት ልጅ መሰለችኝ። አጭር፣ ቀጭን፣ ሻሿን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርጋ ያሰረች፣ የወንድ ካልሲ በሸራ ጫማ ያደረገች። እርሳሷን ሻሿ ውስጥ ትሰካውና መልሳ ትፈልገዋለች። በእግሯ ስትሄድ እሷን ለመከተል በቅሎ ነጂው እኔ እንኳ እደክም ነበር። ልጅ ዘንድ ስትደርስ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች፤ ጊዜ ሁሉ የእሷ ይሆናል። ልጅ ከመንካቷ በፊት እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከታ ታሞቃለች። ብርድ በሌለበትም ታሞቃለች። ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ "ልጅ መጀመሪያ የሚያውቀኝ በእጄ ነው" አለችኝ። እርስዎ እያልኩ ነበር የማናግራት። ተው አለችኝ፤ አልቻልኩም፤ እሷም ለመደችው።

ለሥራዋ ሁለት ሕግ ነበራት። አንደኛው፣ ልጁን የሸራው ከረጢት ውስጥ የምታስገባው እናቱ ራሷ ናት፤ እናት ካልፈለገች ልጁ አይመዘንም። ሁለተኛው፣ ቤት አይመረጥም። መንደር መሃል ስንደርስ ከተሰበሰበው ሰው በዕድሜ ትልቁን ትጠራና ዱላውን ወደ ላይ እንዲወረውር ትለምነዋለች። ጫፉ ባመለከተበት አቅጣጫ እንሄዳለን፤ ከዚያ ቤት ሳንዘል በተራ ነው። አንድ ጊዜ ዱላው ገደል ወዳለበት አመለከተና፣ "ሲስተር፣ እዚህ መንገዱ ዳር ስንት ቤት እያለ" ብዬ አጉረመረምኩ። "መንገድ ዳሩን ብቻ ካየሁ ያየሁት መንገዱን ነው፤ አገሩን አላየሁም" ብላ ገደሉን ወረደች። እኔም በቅሎዬን ይዤ ወረድኩ፤ ምን ላደርግ።

ሰዉ ሚዛኑን ይፈራው ነበር። መንጠቆ ያለው ተንጠልጣይ ሚዛን ነው፤ ቡና ገዢዎቹ ከሚይዙት ጋር ቁርጥ አንድ። በዚያ ሚዛን ያልተታለለ ጭሰኛ አልነበረም። መጀመሪያ በገባንበት መንደር፣ በኮንጋ፣ ዋንዛ ቅርንጫፍ ላይ ሰቅለነው የመጀመሪያው ሕፃን ሲንጠለጠል፣ ከኋላ አንድ ገበሬ በጌዴኦኛ፣ "ሲሶው ለባለርስቱ ነው ወይስ ልጅ ላይ እርቦ ነው የሚወስዱት?" አለ። ጭሰኛ ከምርቱ የሚከፍለውን ድርሻ ማለቱ ነው። ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ የሚል አልነበረም። ሲስተር ምን አለ ስትለኝ አፈርኩ። አስገድዳ አስነገረችኝ። ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ከዚያም "ሙሉው የእናቱ ነው በለው" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደር በገባን ቁጥር መጀመሪያ የምትመዝነው ዶሮ ነው። ዶሮዋ ከረጢቱ ውስጥ ስትንፈራገጥ ልጆቹ ይንከተከታሉ፣ እናቶችም ይላላሉ።

ከኮንጋ ወደ ኢዲዶ ወጣን። ቡና የሚለቀምበት ወቅት ነበር።

የኢዲዶው መሬት ባለቤት አዲስ አበባ የሚኖር ትልቅ ሰው ነው፤ እኛ አይተነው አናውቅም። ወኪሉ ባላምባራስ ይፍሩ ይባላሉ። ስለ መምጣታችን ወሬው ቀድሞን ደርሷቸው ኖሮ ግቢያቸውን አስጠርገው ጠበቁን። ልጆች በመስመር ቆመዋል፤ ራሳቸው ተላጭቶ ቅቤ ተቀብተው ያበራሉ። እናቶቻቸው ከኋላ ቆመዋል።

"እንዳትደክሚ ብዬ አምጥቼልሻለሁ" አሏት ባላምባራስ። "ገደል ለገደል ምን አንከራተተሽ? መዝነሽ፣ ምሳ በልተሽ፣ መንገድሽን ትቀጥያለሽ።"

ከመስመሩ ፊት የቆመው ጂሎ የሚባል ሁለት ዓመት የሞላው የማይመስል ልጅ ነበር። ጉንጩ ሙሉ፣ እግሩ ድንቡሽ ያለ። ባላምባራስ ትከሻውን ይዘው ወደ ፊት ገፋ አደረጉት። "ይሄንን እዪ። የጭሰኛ ልጅ ነው፤ አባቱ አምና ሞቷል። በእኛ መሬት ላይ አባት የሌለው እንኳ እንዲህ ይወፍራል። አዲስ አበባ ስትጽፊ ይሄንን ጻፊ።"

ሲስተር አመሰገነቻቸው፤ ከዚያ ቤቱን የሚመርጠው ዱላ እንደሆነ ነገረቻቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ።

"እኔን ትተሽ ዱላ ነው የምታምኚው?"

"ዱላው እንግዳ ማክበር አያውቅም፣ ባላምባራስ። እርስዎ ያውቃሉ፤ ጥሩ ጥሩውን ያሳዩኛል።"

አማርኛ የሚሰሙት ጥቂት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ፤ ሳቃቸውን ለመደበቅ ነው። እሷ ግን ነገሩን ለማለዘብ ብላ በመስመሩ አለፈች፤ እያንዳንዱን ልጅ እጁን እየጨበጠች፣ ስሙን እየጠየቀች። እኔ ዶሮዋን ይዤ እከተላለሁ። ልጆቹ ሁሉ ዓይናቸው ዶሮዋ ላይ ነው። ጂሎ ብቻ አያይም። ዶሮዋ አፍንጫው ሥር ክንፏን ብታራግፍም አላየም። ወዴትም አያይም ነበር።

ሲስተር ተመለሰችና ፊቱ ተንበረከከች። እጇን ብብቷ ውስጥ አሞቀች። ከዚያ በአውራ ጣቷ የእግሩን ጀርባ ጫን አድርጋ ይዛ ቆየችና ለቀቀች። ጎድጎድ ብሎ ቀረ። ጣት የተጫነበት ሊጥ ይመስል ነበር፤ አልሞላም። ከተላጨው ራሱ ከጆሮው በላይ የቀረችውን ፀጉር በሁለት ጣቷ ሳብ ስታደርጋት ያለ ምንም ተነቅላ መጣች። ልጁ አላለቀሰም።

እናቱ ሎኮ ትባላለች። ሲስተር ጠርታት በዝግታ፣ ፊቷን እያየች፣ "ይህ ልጅ አልወፈረም፣ እህቴ። ያበጠው ውሃ ነው። በጣም ታሟል" አለቻት። እኔ እንድተረጉም ጠበቀች።

የተረጎምኩት በተቻለኝ መጠን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው፤ ምን እንደሚከተል አውቃለሁና። በእኛ አገር እንግዳ የወፈረ ልጅ አይቶ ዝም ይላል፣ ወይም እንትፍ ብሎ ይመርቃል። በሰው ፊት፣ በቅቤ የተቀባ ልጅ ታሟል አይባልም። ሎኮ ልጇን መንጭቃ ወስዳ በልብሷ ሸፈነችው። ከሴቶቹ መሃል አንዷ ዓይኗን ጣለችበት አለች። ቃሉ በመስመሩ ሁሉ ሲያልፍ በጆሮዬ ሰማሁት።

ሲስተር ስነግራት እንዳልሰማች ሆና ቀጠለች። ልጁ ጡት ከጣለ ወዲህ የሚበላው ቆጮ ብቻ እንደሆነ ጠየቀች፤ ሎኮ አዎ አለች። ቆጮው መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ብቻውን ሆኖበት ነው፤ ሆዱ ይሞላል፣ ሰውነቱ ግን የሚሠራበት ያጣል፤ ወተት ያስፈልገዋል፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ግን ወተቱ ዛሬውኑ አለቻት።

"ቤትሽ ላም አለች?"

"አለች" አለች ሎኮ። "የኔ አይደለችም።"

የማን እንደሆነች የማያውቅ አልነበረም። ላሟ የባላምባራስ ናት፤ ሎኮ ታግዳለች፣ ታልባለች፣ ትንጣለች፣ ቅቤው ወደ እሳቸው ቤት ይሄዳል። ያ የልጆቹ ራስ ላይ የሚያበራው ቅቤ ከዚያው የወጣ ነው።

ሲስተር ወደ ባላምባራስ ዞረች። አልጮኸችም፤ መጮኽ አታውቅም ነበር። "ከመስመሩ ፊት ያቆሙት የእኔ መሬት ልጅ ነው ብለው ነው። የእርስዎ ከሆነ ወተቱን ይስጡት። የእርስዎ ካልሆነ ምን ብለው አሳዩኝ?"

ይህንንም በጌዴኦኛ በለው አለችኝ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ አልኩት።

ባላምባራስ ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩ። ከዚያ በሰው ፊት የተናገሩት እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። "እሺ፤ ወተቱ ይሰጠው። ግን ሁላችሁም እዩት፤ ይህ ልጅ ዛሬ ደህና ነው፣ ወፍራም ነው። የምትመግበው እሷ ናት። ቢሞት የገደለችው እሷ ናት። ነገሩ እስኪለይ በቅሎዎቹ ከዚህ ግቢ አይወጡም።"

በቅሎዎቹን ይዘው ሁለት ዘበኛ አቆሙባቸው። ሲስተር ከሽማግሌዎቹ ትልቁን ጠርታ ዱላውን አስወረወረችና የዕለቱን ሥራ ጀመረች።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ እንዴት እንዳለፈ ዛሬም አይገባኝም። እሷ ማለዳ ማለዳ ዱላው ወዳመለከተው ቤቶች እየሄደች ትመዝናለች፤ በየመሃሉ እየተመለሰች ሎኮ ቤት ትመጣለች። ወተቱ በማንኪያ ነው የሚሰጠው፤ ጥቂት፣ ደግሞ ቆይቶ ጥቂት። ብዙ ከሰጡት ይገድለዋል አለች።

ሎኮ ግን ልጇን አላሳየቻትም። ከዚያ ዓይን በኋላ እንዴት ታሳያት? ወተቱን እራሷ ልትሰጥ እሺ አለች፤ ሲስተር ግን ልጁን እንዳታየው። እኔ ይህ አይሆንም፣ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። ሲስተር ትንሽ አሰበችና በርጩማውን አንስታ በሩ ላይ አስቀመጠች፤ ፊቷን ወደ ውጭ፣ ጀርባዋን ወደ ልጁ አድርጋ ተቀመጠች። ሥራዋን እንደዚያ ሠራች። ፊቷ እንሰቱን ያያል፣ አፏ ከኋላዋ ካለችው ሴት ጋር ያወራል፣ እኔ መሃል ቆሜ እተረጉማለሁ።

"ዋጠ?"

"ዋጠ።"

"አስመለሰው?"

"ትንሽ።"

"ትንሽ ከሆነ ግድ የለም። ይረፍና ድገሚለት። ዓይኑ ወዴት ያያል?"

"ወደ ግድግዳ።"

 ሻሿን ታጠብቃለች።

እኔ ልጁን ማየት እችል ነበር፤ እኔ የአገር ሰው ነኝ። እሷ ግን አንድም ጊዜ ዞራ አላየችም። እንዴት ቻለች ብዬ አስባለሁ። ነርስ ናት፤ ከጀርባዋ ልጅ እያቃሰተ ነው፤ ዞር ብትል በአንድ እይታ የምታውቀውን ነገር ከእኔና ከሎኮ አፍ እየለቀመች ነበር የምታውቀው። አንድ ቀን እኔ "ደህና ይመስላል" ብላት ተቆጣችኝ። "ደህና ይመስላል አትበለኝ። ከንፈሩ ረጥቧል ወይስ ደርቋል? እሱን ንገረኝ።" ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ብቻ መናገር ጀመርኩ።

ከዚያም የፈራሁት መጣ። ውሃው መውጣት ጀመረ። ልጁ ደጋግሞ ይሸናል፤ ጉንጩ ጎደለ፣ እግሩ ቀጠነ፣ የጎድን አጥንቱ ታየ። ያ በቅቤ ተቀብቶ ከመስመሩ ፊት የቆመ ልጅ በዓይናችን እያየን ቆዳና አጥንት ሆነ። ሎኮ ማንኪያውን ጣለችው።

"ልጄ አለቀ" አለች። "ንገራት። ልጄን አሟሟችው በላት።"

ነገርኳት። ሲስተር ዓይኗን ከእንሰቱ አላነሳችም። ከዚያ፣ "ውሃው ነው የሄደው በላት። ልጇ ያኔም ይህን ያህል ነበር። ውሃው ሸፍኖባት ነው። አሁን የምታየው ትክክለኛውን ልጇን ነው" አለች።  ሎኮ ማንኪያውን አንስታ አጠበችው።

መንደሩ ግን ይህንን አልሰማም፤ የሚያየውን አየ። ሰላም የሚሉን ሰዎች ሰላም ማለት ተዉ። ቡና ለቃሚዎች ስናልፍ ዝም ይላሉ፤ ካለፍን በኋላ ይናገራሉ። ዱላው ያመለከታቸው ቤቶች በራቸውን መዝጋት ጀመሩ። ከዲላ ደግሞ የሥራው አለቃ ሰው ልኮ፣ የሚቀጥለው ወረዳ ገደብ እየጠበቃችሁ ነው፣ ልጁ ዱላው ካወጣቸው ቤቶች አይደለም፣ ከቁጥር አይገባም፣ ተዉትና ሂዱ አለ። መልእክተኛው ይህን ሲናገር ሲስተር እግሯን እየታጠበች ነበር። መታጠቧን ጨረሰችና፣ ነገሩን ሰምቻለሁ ብለህ ንገረው ብላ አሰናበተችው።

"ወራሳ፣ መሄድ ትፈልጋለህ?" አለችኝ።

"በቅሎዎቹ ታስረዋል፣ ሲስተር።"

"የጠየቅሁህ ስለ በቅሎ አይደለም።"

አልሄድም አልኳት። ልጁ ቢሞትስ ብዬም ጠየቅኋት፤ ልቤ ውስጥ ተቀምጦ ነበርና። "ሊሞት ይችላል" አለች። "ዝም ብዬ ባልፍ ግን ወፍሯል እየተባለ ይሞት ነበር።"  ይህን ብላ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከተተች፤ የምትነካው ልጅ ግን አልነበረም።

ባላምባራስ ጉዳዩን ወደ ሶንጎ ወሰዱት። ሶንጎ ማለት ሽማግሌዎቹ ከዛፍ ሥር ተሰብስበው የአገሩን ነገር የሚያዩበት ቦታ ነው። ባላምባራስ በራሳቸው ሥልጣን እሷን ማባረር አያቅታቸውም ነበር፤ ግን ፍርዱ ከአገሩ ሰው አፍ እንዲወጣ ፈለጉ። እሷ አዲስ አበባ የምትልከው ነገር አስፈርቷቸዋል። አስማተኛ ናት፣ ልጅ አጠፋች ብሎ አገር ከመሰከረባት ግን የመዘነችውን ማን ያምናታል?

ሶንጎው በተቀመጠበት ቀን ማለዳ ባላምባራስ ወደ ሎኮ ቤት ሲገቡ አይቻቸዋለሁ። ምን እንዳሏት እሷ ራሷ ናት በኋላ የነገረችኝ። ልጄ የታመመው በሷ ዓይን ነው ብለሽ በሽማግሌ ፊት ተናገሪ፤ ላሚቱ ከነጥጃዋ የአንቺ ናት፤ ካልሆነ ግን ከመሬቱ ትወጫለሽ ብለዋታል። ባል የላት፣ ሌላ መሬት የላት።

ሶንጎው ሲጀመር ሲስተር መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ከጎኗ ነኝ። የሶንጎው አዛውንት ቦኮ ይባላሉ፤ ያን የመጀመሪያ ቀን ዱላውን የወረወሩት እሳቸው ናቸው። ባላምባራስ ተነስተው ተናገሩ። ሰው ሁሉ ያየውን ልጅ አስታወሱ፤ አሁን ደግሞ እዩት አሉ። ማንም አልተቃወመም፤ ምን ብሎ ይቃወማል? እኔም ብሆን በዓይኔ ያየሁት እሱን ነው።

ሲስተር ተጠየቀች። ልጁ ከመምጣቴ በፊት ታሞ እንደነበር ተናግሬያለሁ፣ ከዚህ ሌላ ቃል የለኝም፣ እናቱን ጠይቋት አለች።

ሎኮ ተጠራች። ሴቶቹ ከተቀመጡበት ተነስታ ልጁን ታቅፋ መጣች። እንደ ልማዷ ሸፍናዋለች።

"ልጅሽን ምን አገኘው?" አሏት አዛውንቱ ቦኮ። "አንቺ እናቱ ነሽ፤ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።"

ባላምባራስን አየቻቸው። ሲስተርን አላየቻትም። ከላይ ቡና ለቃሚዎቹ ቅርጫት ሲያቀባብሉ ይሰማ ነበር። እኔ ለሲስተር የምተረጉመው ነገር አጥቼ እጄን አሻሸሁ።

"ልጄ ብዙ ጊዜ ምንም አልለመነኝም" አለች ሎኮ። ድምጿ ቀጭን ነበር። "እሷ ከመምጣቷ በፊት ነው የምለው። ሌሎቹ ልጆች ሲርባቸው ያለቅሳሉ፤ እሱ አያለቅስም። ብሰጠው ይበላል፣ ባልሰጠው ዝም ይላል። ጨዋ ልጅ ወለድኩ እል ነበር። ወፍራምና ጨዋ።"

ቆመች።

"ትናንት በጥፊ መታኝ።"

ሰዉ ተያየ። ሽማግሌው ምን አልሽ አሏት።

"በጥፊ መታኝ። ወተቱ ዘገየ ብሎ። እዚህ ጋ።" ጉንጯን አሳየች። "ዛሬ ጠዋት ደግሞ ማንኪያውን ነጥቆኝ አልሰጥም አለ። ስቀበለው ነከሰኝ።"

አንድ ሽማግሌ ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው። ሎኮ አልሳቀችም። እያለቀሰች ነበር። "የልጄን አጥንት ያየሁት አሁን ነው፣ እውነት ነው። ድምፁን የሰማሁትም አሁን ነው። ላም እሰጥሻለሁ ተብያለሁ። ላሚቱን እፈልጋለሁ። ግን ዓይኗን ጣለች አልልም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እሷ ልጄን አይታው አታውቅም። ይኸው ስንት ቀን በሬ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ ነው ያዳነችው።"

የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ተረጎምኩት። ሲስተር ሻሿን አውርዳ ፊቷን ሸፈነች።

አዛውንቱ ቦኮ ከጎናቸው ካሉት ጋር ብዙ አልተማከሩም። ለጥፊ ጉልበት ያለው ልጅ ሊሞት አይደለም አሉ። ላም እሰጥሻለሁ ብሎ በሶንጎ ፊት የሰው ምስክርነት መግዛት ነውር ነው፣ ይህን ያደረገ ሰው ስሙን አንጠራም፣ እሱ ራሱ ያውቃል አሉ። ልጁ ሮጦ እስኪጫወት ወተቱ ከሎኮ ቤት አይወጣም። ሎኮን ከመሬቷ የሚያነሳ ቢኖር የዚህ አገር ሰው የዚያን ሰው ቡና አይለቅምም። ቡናው ዛፍ ላይ ቀልቶ ነበር። ባላምባራስ ቅርንጫፎቹን ቀና ብለው አዩና ዘበኞቻቸውን በእጃቸው ጠሩ፤ በቅሎዎቹን እንዲፈቱ።

ቀሪዎቹን ቤቶች ጨርሰን ወደ ገደብ ልንሄድ ጫንን። ሚዛኑ ከታች ሆኖ፣ የቁመት መለኪያው ሳንቃ ከላይ፣ በጠፍር ጠብቆ ታስሯል። በዚህ መሃል ሎኮ ልጇን አዝላ መጣች። አልሸፈነችውም።

"ጎረቤቶቼ ልጆቻቸው ተመዝነው ተጽፈዋል" አለች። "የኔስ?"

 ዱላው በሎኮ ቤት በኩል አላለፈም። ሲስተር ደግሞ ለባላምባራስ ያልጣሰችውን ሕግ ለሎኮ መጣስ አልቻለችም፤ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። በዝግታ አስረዳቻት። ሎኮ ሰምታ ሰምታ፣

"ታዲያ መንግሥት የኔን ልጅ አያውቀውም ማለት ነው?" አለች።

"አያውቀውም፣ እህቴ።"

ሎኮ ልጇን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ አስተካክላ አዘለችው፤ አልሄደችም። ሲስተር ወደ እኔ ዞራ ጭነቱን ፍታው አለችኝ። ገና አሁን ማሰሬ ነበር፤ ፈታሁት። ሚዛኑን ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልኩት። ሎኮ በራሷ እጅ ከረጢቱ ውስጥ አስገባችው። ጂሎ ሲንጠለጠል ጮኸ፤ እግሩን አወራጨ፣ አገር አወቀ። ሲስተር እጇን አሞቀችና ደረቱ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችው። ከዚያ ፊት ለፊቱ ቆማ፣ በደንብ፣ የፈለገችውን ያህል አየችው። ሎኮ አጠገቧ ቆማ ነበር።

በቅቤ ተቀብቶ የቆመ ቀን ቢመዘን ኖሮ ከዚህ ይበልጥ ነበር። ሲስተር መርፌው እስኪረጋ ጠብቃ ቁጥሩን ነገረችኝ፤ እኔ በጌዴኦኛ ለሎኮ ነገርኳት። እርሳሱ ሻሿ ውስጥ እንደተሰካ ነበር፤ አላወጣችውም። ሎኮ ቁጥሩን ደግማ አለችው። ልክ ነው? አለችኝ፤ ልክ ነው አልኳት። ልጇን አዝላ ወደ ቤቷ ሽቅብ ወጣች፣ እኛ ወደ ገደብ ቁልቁል ወረድን። እንዳይጠፋባት ድምጿን ከፍ አድርጋ ቁጥሩን እየደጋገመች ነበር የምትሄደው፤ እንሰቱ ከጋረዳት በኋላም ቁጥሩ ይሰማን ነበር።